መድኃኒቱን ከእንጦጦ ያወረድኩት እኔ ነኝ

በየካና በእንጦጦ መካከል የእኔን ያህል ሽንት ያፈላ ሰው አልነበረም፤ ወደፊትም አይኖርም። ስለ ራሴ ስናገር ፊታቸውን የሚያዞሩ ሰዎች አሉ፤ ይህን ያህሉን ግን የሚክድ የክሊኒካችን ሠራተኛ አላውቅም። በጡረታ የተሰናበትኩት ባለፈው ክረምት ነው። ጃንጥላ ሸለሙኝ፤ ማኅተም ያረፈበት የምስጋና ወረቀትም ሰጡኝ። ዕቃዬን ልሰበስብ ወደ ክፍሌ ስገባ በቦታዬ የተተካችው ነርስ አንድ ቀጭን ወረቀት ሽንት ውስጥ ነከር አድርጋ አወጣች፤ ቀለሙን ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈው ሥዕል ጋር አስተያየችና መዝገብ ላይ ጻፈች። እሳት የለም፤ ቱቦ የለም፤ ጠብታ መቁጠር የለም።

«ይኸው ጋሼ፤ አለቀ» አለችኝ።

«ይህ ብቻ ነው?»

«ይህ ብቻ ነው። እርስዎ ስንት ደቂቃ ይፈጅብዎ ነበር?»

«እኔማ ዕድሜዬን ነው የፈጀብኝ» ብያት ወጣሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ስነሣ እጄ የሚይዘው ነገር ያጣል። ዓይኔ ደግሞ ወደ ተራራው ይሄዳል። የናፈቀኝ ክሊኒኩ ብቻ አይደለም። ከክሊኒኩ በላይ፣ ዳገቱን ጨርሼ የማገኛት አንዲት ትንሽ ቤት ነበረች። ይህን የምጽፈው ስለዚያች ቤትና እዚያ ስለተማርኩት ነገር ነው፤ በአንዲት ሴት ላይ ስላደረስኩት ጉዳትም ጭምር።

የተወለድኩት ከየካ ሽቅብ ባለው ዳገት ላይ ነው። ቤት ውስጥ ኦሮምኛ፣ ከጎረቤት ጋር አማርኛ እየተናገርኩ አደግኩ። ፊደል ከቆጠርኩ በኋላ ያለውን ሁሉ ራሴን ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ክሊኒክ የተቀጠርኩት በውኃ ቀጂነት ነበር። የምርመራ ክፍሉ ኃላፊ ድሬሰር መኩሪያ የሚባል ሰው ነው፤ ያኔ ቁስል የሚያጥበውንም፣ መርፌ የሚወጋውንም፣ ሽንት የሚመረምረውንም ድሬሰር እንል ነበር። መኩሪያ ቱቦ እንዳጥብለት ያስገባኝና ሥራውን ሲጀምር ጀርባውን ይሰጠኛል፤ እንዳልማርበት። እኔ ግን የሚሠራውን ሁሉ በመስኮቱ መስታወት ላይ አየው ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ እሱ የሚያውቀውን በሙሉ አወቅሁ፤ እሱ የሚሳሳተውንም ጭምር።

መኩሪያ ዕድገት አግኝቶ ወደ ሌላ አውራጃ ሲዛወር ዶክተራችን ተጨነቀ። ዶክተሩ የውጭ አገር ሰው ነው፤ በዕድሜ ከእኔ ያንሳል፤ አማርኛውን የተማረው ከበሽተኞች ስለሆነ ከሁሉ ቀድሞ ያወቀው የሕመም ስም ነበር።

«ከእንግዲህ ማን ያፈላል?» አለ።

«እኔ» አልኩት።

«አንተ ውኃ ቀጂ ነህ።»

«ይኸም ውኃ ነው።»

ሊያሳፍረኝ ሦስት ብልቃጥ አስቀመጠልኝ። አፈላሁና «ይኸኛው ስኳር የለውም፤ ይኸኛው ሞልቶታል፤ ይኸ ደግሞ ስኳር አለው፤ ግን ሽንት አይደለም፤ የቀጠነ ሻይ ነው» አልኩት። በማግሥቱ ነጭ ካፖርት አሰፋልኝ። ደመወዜ የተስተካከለው ዘግይቶ ነው፤ እሱን እተወዋለሁ።

ሥራው እንዲህ ነው። ስኳር መለያውን ሰማያዊ ውኃ ቱቦ ውስጥ እስከ ምልክቱ ትቀዳለህ። ስምንት ጠብታ ሽንት ትጨምራለህ፤ ሰባትም ዘጠኝም አይሆንም። ቱቦውን በሚፈላ ውኃ ውስጥ አቁመህ አምስት ደቂቃ ትጠብቃለህ። ከዚያ ታወጣውና ከኋላው ነጭ ወረቀት ይዘህ በመስኮት ብርሃን ታነበዋለህ። መኩሪያ በፋኖስ ብርሃን ያነብ ነበር፤ ስሕተቱ ያ ነው፤ በፋኖስ ሁሉም ነገር ቢጫ ይመስላል። ስኳር ከሌለ ሰማያዊው እንደነበረ ይቆያል። ካለ እንደ ብዛቱ ይለወጣል። ለየቀለሙ ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ፦ ሰማይ፣ ጎመን፣ እርድ፣ ብርቱካን፣ ሸክላ። ዶክተሩ የራሱን ቁጥሮች ትቶ በእኔ ስሞች መጠቀም ጀመረ። ጠዋት ሲገባ «ዛሬ ስንት ሸክላ አለን?» ይለኛል።

አንድ ዓመት ከተራራው ማዶ ወዳለ ጤና ጣቢያ አዛውረውኝ ነበር። እዚያ ሸክላ የሚባል ነገር አላየሁም፤ ዳገትና ቁልቁለት የሚውል ገበሬ ከየት አምጥቶ ይወፍራል? ዶክተሩ ራሱ ደብዳቤ ጽፎ አስመለሰኝ። የእኛ ሸክላዎች የከተማ ሰዎች ነበሩ። የጽሕፈት ቤት ሹሞች፣ ባለ ሱቆች፣ ወንበራቸው የሚጮህባቸው ሰዎች። በዚያን ጊዜ ውፍረት ክብር ነበር። ዶክተሩ «ምግብ ቀንሱ» ሲላቸው እንደ ተሰደበ ሰው ተቆጥተው ይወጡ ነበር።

ከነዚህ አንዱ፣ አንገቱ ከትከሻው የማይለይ የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ ለወራት ሸክላ ሲሆን ቆይቶ እርድ ሆነ፤ ከዚያ ጎመን። ዶክተሩ የሰጠው ነገር አልነበረም። እኔ ቀለም አይቼ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። ጥግ ይዤ ጠየቅሁት።

«እንጦጦ ላይ አንዲት ሴትዮ አሉ» አለኝ። «የማይጠጣ ነገር ያጠጡኛል። ሞት የሚያስመኝ ምሬት ነው።»

በእሑድ ወጣሁ። ቤታቸው ወደ እንጦጦ ማርያም ከሚወስደው መንገድ ትንሽ ገባ ብላ፣ ባሕር ዛፉ ሳስቶ የቆየ ጽድ በሚታይበት ቦታ ላይ ነበረች። እማማ አያንቱ ይባላሉ። ቀጭን፣ ጥርሳቸው ያልጎደለ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ የሚያስሩ ሴት ነበሩ። ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«አንተ ደግሞ ምን ሆነህ ነው? ስኳር የሚቀመጥበት ሥጋ እንኳ የለህም።»

«በሽተኛ አይደለሁም እማማ። የክሊኒክ ባለሙያ ነኝ።»

«ምን ትሠራለህ?»

«ሽንት አፈላለሁ።»

እስኪያስላቸው ሳቁ። «እኔ ጉንዳን ነው የማሠራው። ማገዶ አይፈጅም።»

ከቤታቸው ጀርባ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። የመጣ ሰው እዚያ ይሸናል፤ እሳቸው ጉንዳኑ እስኪሰበሰብ ይጠብቃሉ። ስንት እንደመጣ፣ ቶሎ መጣ ወይስ ዘገየ፣ ያን ያያሉ። እልህ ያዘኝ። በሚቀጥለው እሑድ ቱቦዬንና የአልኮል ኩራዜን ተሸክሜ ወጣሁ፤ የእሳቸው ጉንዳንና የእኔ ሰማያዊ ውኃ ተፋጠጡ። እኔ ሸክላ ባልኩበት ድንጋዩ ይጠቁራል፤ ሰማይ ባልኩበት አንድም ጉንዳን አይመጣም። ልዩነት የታየው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያን ቀን ዘንቦ ነበርና ጉንዳኖቹ አልወጡም።

«ዝናብ ለአንተ ያደላል» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ እንድመጣ ፈቀዱልኝ።

እነዚያ እሑዶች ናቸው ዛሬ ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሱኝ። ገና ጉም ሳይገፈፍ ቅርጫት ይዘን እንወጣለን። እማማ አያንቱ ቅጠል ሳይቀምሱ አይቆርጡም። በምላሳቸው ጫፍ ይነኩታል፤ ይተፉታል፤ ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ምሬቱ ከአፋቸው እስኪጠፋ ይቆማሉ። ቶሎ ከጠፋ ያን ዛፍ አልፈውት ይሄዳሉ። የጠዋት ፀሐይ ከሚያገኘው ወገን እንጂ ከሌላው አይቆርጡም። በእንጨት ሙቀጫ እንጂ ብረት በነካው አይወቅጡም። እኔ ምላሴን ለማሠልጠን አንድ ዓመት ፈጀብኝ፤ ሌላ ሰው ቢሆን ሦስት ዓመት ይፈጅበት ነበር። ልብሴ ከጽዱ ሥር ጠል ጠጥቶ፣ እጄ ቅጠል ቅጠል እየሸተተ ቆሜ፣ እሳቸው ዓይናቸውን እስኪገልጡ የምጠብቅባት ያች ዝምታ ናት የምትናፍቀኝ። በሕይወቴ ሰው እንዲናገር ሳልቸኩል የቆምኩት እዚያ ብቻ ነው።

ሦስት ልማድ ነበራቸው። አንደኛ፣ በሽተኛው ራሱ በእግሩ ካልመጣ አይሰጡም፤ ሰው ልኮ ማስወሰድ የለም። ያን ሁሉ ወፍራም ሹም በየማለዳው ዳገት ላይ ሲያለከልክ ማየት ደስ ይላቸዋል ብዬ አስብ ነበር። ሁለተኛ፣ የመጣ ሰው መድኃኒቱን ከመጠጣቱ በፊት አንድ እፍኝ ቆሎ ይሰጡታል፤ አጠገቡ ተቀምጠው እስኪጨርስ ያዩታል። ይህን እንግዳ አክባሪነታቸው ነው ብዬ ነበር የያዝኩት። ሦስተኛ፣ የመድኃኒቱን ስም አይናገሩም። ይኸኛው የእሳቸው ብቻ አይደለም፤ ስሙ የተጠራ መድኃኒት ይረክሳል ሲባል ሰምቶ ያላደገ ማን አለ? እኔንም አስምለውኛል። መሐላዬን ከተቀበሉ በኋላ መድኃኒቱ ከሚሠራባቸው ሦስት ነገሮች የሁለቱን ስም ነገሩኝ። ሦስተኛው ሥር ነው፤ እሱን ሁልጊዜ እኔ ሳልደርስ ወቅጠው ይጠብቁኝ ነበር።

«እሱን በሚቀጥለው መስከረም» ይሉኛል። መስከረም ይመጣል፤ «በሚቀጥለው» ይሉኛል።

ወይዘሮ ትርንጎ ክሊኒካችን የመጡት በዚያ ዘመን ነው። የካ ውስጥ ጠጅ ቤት ነበራቸው። እጅግ ወፍራም ናቸው፤ በዚያ ላይ አፋቸው የሚፈራ ሴት። ጠጅ ቤታቸው የሚሞላው በጠጃቸው ብቻ አልነበረም፤ ሲሰድቡ ለመስማት የሚመጣው ይበዛል። መጀመሪያ ቀን ቱቦአቸው ሸክላ ሆነ፤ የሸክላም ሸክላ። ዶክተሩ በየማለዳው ክሊኒክ እየመጡ የኢንሱሊን መርፌ እንዲወጉ አዘዘ፤ ጠጅም ከለከላቸው።

«ጠጅ ሳልቀምስ እንዴት አድርጌ ልሽጥ?» አሉት። «አንተ በሽተኛ ሳታይ ታክማለህ?»

እኔን ዞረው አዩኝ። «አንተ ደግሞ የእኔን ሽንት እንደ ጥሬ ወርቅ ትኩር ብለህ የምታየው ምን ልታገኝበት ነው?»

«ጤናዎን።»

«አግኝተህ አምጣልኝ እስቲ።»

እኔ እንዲህ ሲሉኝ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። በመርፌው እርድ ደርሰው እዚያው ቆሙ፤ ወደ ሰማይ አልወጣም አሉ። እማማ አያንቱ ጋ ልውሰድዎ ብላቸው «ይህን ሰውነት ተራራ ላይ የሚያወጣው አራት በቅሎ ነው» አሉኝ። ስለዚህ መድኃኒቱን አወረድኩላቸው። ለማን እንደሆነ ለእማማ አልነገርኩም፤ ለቤት ሰው ነው ስላቸው ለእኔ ብለው ልማዳቸውን ተዉና የሥሩን ዱቄት ሰጡኝ። ቅጠሉን ራሴ ቆረጥኩ፤ ራሴ አፈላሁ። በጠርሙስ አድርጌ ለወይዘሮ ትርንጎ ሰጠኋቸው።

«ምንድን ነው?»

«አይነገርም።»

«መቼ ነው የሚጠጣው?»

«ጠዋት፣ በባዶ ሆድ» አልኩ። ይህን ሳላስብ ነው ያልኩት። ኮሶ የሚጠጣው በባዶ ሆድ ነው፤ ማንኛውም የአገራችን መድኃኒት የሚጠጣው በባዶ ሆድ ነው፤ ከእናቴ ጀምሮ ሌላ ነገር ሰምቼ አላውቅም። የእማማ አያንቱ ቆሎ በሐሳቤ እንኳ አልመጣም።

በወሩ ቱቦአቸው ጎመን ሆነ። ዶክተሩ መርፌው ሠራ ብሎ ተደሰተ፤ እኔ በሆዴ ሳቅሁ። ቀሚሳቸው ሰፋቸው። ለሚያገኙት ሁሉ በአገጫቸው ወደ እኔ እየጠቆሙ «ይህ ሽንት አፍሊ አቀለለኝ» ይሉ ነበር። እኔም እንዲህ አልኳቸው፤ ቃሉ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ፦ «አሁንማ እንጦጦን በእግርዎ ይወጡታል።»

ፍልሰታ ገባ። ወይዘሮ ትርንጎ ጠጅ ይሽጡ እንጂ ጾም አይሽሩም ነበር። በጾሙ በሦስተኛው ቀን ማለዳ ክሊኒክ መጥተው መርፌአቸውን ተወጉ። መድኃኒት ጾም አይሽርም ብለው ጠርሙሴን ቤታቸው ጠጥተው ነው የወጡት። ከዚያ ለቅዳሴ በእግራቸው ወደ እንጦጦ ማርያም ወጡ። ያልኩትን ሊያሳዩኝ ነው። ዳገቱን ጨርሰው ቅጽሩ ውስጥ ገቡ፤ ቅዳሴው ሳይገባደድ ላብ አጠመቃቸው፤ የማይገናኝ ነገር ተናገሩ፤ ወደቁ። ሰዉ መንፈስ ነው ብሎ ጠበል ረጨባቸው። ሲርዱ «ሊለቃቸው ነው» አሉ። ዝም ሲሉ «ለቀቃቸው» አሉ። አልነቃ ሲሉ ነው በቃሬዛ፣ በዝናብ፣ በጭቃ ያወረዷቸው።

ክሊኒክ ሲደርሱ ከሰዓት በኋላ ሆኗል። ዶክተሩ ሰዎቹን አስወጥቶ በሩን ዘጋ። «ስኳሩ ከፍ ብሎባታል» አለ። «ጠጁ ነው። ሽንቷን በቀጭን ጎማ አውጥቻለሁ፤ ቶሎ አፍላ። ሸክላ ከሆነ መርፌውን እጨምራለሁ።»

አፈላሁ። አምስት ደቂቃ ጠበቅሁ። ቱቦውን ወደ መስኮቱ ያዝኩ።

ሰማይ ነበር። ያለ አንዳች ደመና፣ እንደ ቀዳሁት ሰማያዊ።

የተሰማኝን እውነቱን እጽፋለሁ። ደስ አለኝ። ለወራት የፈለግሁት ቀለም ነው፤ ይኸው አገኘሁት አልኩ። ይህ ስሜት የቆየው አንድ ትንፋሽ ያህል ነው፤ ግን ነበረ።

«ሰማይ» አልኩት።

«አይሆንም። ደግመህ አፍላ።»

ውኃው ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ ነው። ደግሜ አፈላሁ። ሌላ አምስት ደቂቃ። ሰማይ። ዶክተሩ መርፌውን አስቀምጦ ወደ እኔ መጣ።

«ስኳሩ አልቋል ማለት ነው። ለምን? በዚህ መርፌ ብቻ እንዲህ አይወርድም። ሌላ ነገር ወስዳለች?»

«አላውቅም» አልኩ።

ወደ አልጋው ተመልሶ ከንፈራቸውን ገለጠ፤ ትንፋሻቸውን አሸተተ፤ የዓይናቸውን ሽፋን አነሣ። «የአገር መድኃኒት ጠጥታለች? የሚያውቅ ሰው አለ? ውጭ ያሉትን ጠይቅ።»

ወጥቼ ጠየቅሁ። የማያውቁትን ሰዎች ጠየቅሁ። ተመልሼ «አያውቁም» አልኩት። ያን ስል የወይዘሮ ትርንጎ እጅ ከአልጋው ወጥቶ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ቀለበታቸው ከቀጠነው ጣታቸው ሊወልቅ ደርሷል። ያን ጣት ያቀጠንኩት እኔ ነኝ።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቀኝ ተናገርኩ። ግራዋና አብሽ አልኩት፤ ሦስተኛውን ስሙን አላውቀውም፤ ሥር ነው። ግራዋ ምን እንደሆነ አላወቀም። ሮጬ ወጥቼ ከክሊኒኩ አጥር ላይ ቀጥፌ አመጣሁለት። እዚያው አጥራችን ላይ ነበር።

«ዛሬ በልታለች?»

«ጾም ነው።»

ዶክተሩ ወዲያው በደም ሥራቸው የስኳር ውኃ ሰጣቸው። ጥቂት ቆይተው ዓይናቸውን ገለጡ፤ አወቁኝም። ግን ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አለ፤ አንደበታቸውም ተሳሰረ። ዶክተሩ በኋላ እንዳስረዳኝ መርፌው፣ ጾሙና ዳገቱ ብቻቸውን ይበቁ ነበር፤ ቅጠሉ ምን ያህል እንደጨመረበት ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ የጎዳቸው ያለ ስኳር ተራራ ላይ የቆዩበት ሰዓት ነው። እንደዚያ ብሎ ሊያቀልልኝ ፈለገ። እኔ ግን ደቂቃ ስቆጥር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ «አላውቅም»፣ «አያውቁም» እያልኩ ያባከንኩትን ራሴ ለክቼዋለሁ።

በእሑድ ቅርጫት ሳልይዝ ወደ እማማ አያንቱ ወጣሁ። ሁሉን ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«ቆሎ አብልተሃታል?»

«ጾም ነበር እማማ።»

«ጾም ከሆነ ጾሟን ስትፈታ ነዋ። እኔ ቆሎውን የማበላው ሰው ስለናፈቀኝ መሰለህ?»

ይልቅ የፈራሁትን ተናገርኩ። «ስሙን ተናግሬአለሁ። መሐላዬን አፍርሻለሁ፤ ይማሩኝ።»

«መቼ ተናገርክ?»

«ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቀኝ።»

ሙቀጫቸውን ከፊታቸው ገፋ አደረጉት። «ስሙን የምደብቀው ሰነፍ ቤቱ ተቀምጦ እንዳያፈላው ነው። በእግሩ እንዲመጣ ነው፤ ቆሎዬን እንዲበላ ነው። ሴትዮዋ ፊትህ ተጋድማ ዝም በል ያለህ ማን ነው?» ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጠበቁ። «በመጀመሪያው ብትናገር ኖሮ እሑድ ና እልህ ነበር።»

ከዚያ በኋላም ሄጃለሁ። አላባረሩኝም። ስለ ቤተሰቤ ይጠይቁኛል፤ ስለ ዝናቡ እናወራለን። ቅርጫቱን ግን ዳግመኛ እኔ እያየሁ አላነሡትም። ያረፉትን ዘግይቼ ነው የሰማሁት። ቤቷ ፈርሳ ባሕር ዛፍ ተተከለባት፤ ጠፍጣፋውን ድንጋይ አንዱ ለመሠረት ወስዶታል። የሦስተኛውን ሥር ስም የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። በየዳገቱ ስንት ሥር ቆፍሬ እንደቀመስኩ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ከእኔ የተሻለ ምላስ ደግሞ በዚህ ተራራ ላይ የለም። አላገኘሁትም። ባገኘውም ለማን እንደምሰጠው አላውቅም፤ ብቻ ያን ምሬት እንደገና አፌ ውስጥ ባገኘው ዓይኔን ጨፍኜ እስኪጠፋ እጠብቀው ነበር።

ወይዘሮ ትርንጎ ጋ ግን መሄዴን አላቋረጥኩም። በየዓርቡ ከሥራ ስወጣ ቱቦዬንና ኩራዜን ይዤ ጠጅ ቤታቸው ጓሮ እገባለሁ፤ እዚያው አፍልቼ ቀለሙን እነግራቸዋለሁ። ቤቱን የእህታቸው ልጅ ታስተዳድረው ነበር። እሳቸው በረንዳው ላይ በግራ እጃቸው ቀኛቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። ቃል ሲያወጡ አንድ አንድ እያሉ ነው፤ ከባድ ዕቃ ከጓዳ እንደሚያወጣ ሰው። ስድባቸውን ሊሰማ ይመጣ የነበረው ሰው ቀስ በቀስ ቀረ። አንዳንዱ ሲያልፍ ሰላም ብሎ ጥቂት ይጠብቃል፤ እሳቸው ዓይናቸው በራ ይላል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ቃሉ ሳይመጣ ሰውየው ይሄዳል። ያን ከማይ ቱቦው በእጄ ቢፈነዳ እመርጥ ነበር።

ያጠጣኋቸውን ነገር ግን አልነገርኳቸውም። ለዶክተሩ ተናግሬአለሁ፤ ለእማማ ተናግሬአለሁ፤ ለጠጪዋ አልተናገርኩም። እሳቸውም አልጠየቁኝም፤ እኔም ስላልጠየቁኝ አመሰግናቸው ነበር።

አንድ ዓርብ ቱቦውን አንብቤ «ጎመን ነው እትዬ፤ ደኅና ነው» አልኳቸው። ቱቦውን አላዩም። እኔን አዩኝ።

«ምን...» አሉ። ጠበቅሁ። «ምን... ነበር... ያጠጣኸኝ?»

አንዲት የቤቱ ሠራተኛ ግቢው መካከል ትልቁን የጠጅ ጋን አጋድማ፣ ክንዷን እስከ ብብቷ አስገብታ ታጥብ ነበር። በእጇ የያዘችው የግራዋ ቅጠል ደቆ አረንጓዴ አረፋ አውጥቷል። እጄን ዘርግቼ ቅጠሉን አሳየኋቸው።

ወይዘሮ ትርንጎ ቅጠሉን አዩት። ጋኑን አዩት። ዕድሜአቸውን ሙሉ ጋን ያሳጠቡበት ቅጠል ነው፤ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ስሙን ያን ጊዜ ብነግራቸው ኖሮ አንድ ጠብታ ባልጠጡ ነበር። ይረግሙኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ፤ ይገባኛልም ብዬ ነበር። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። የሚያለቅሱ መሰለኝ።

«ለካ...» አሉ። ቃሉን ፈለጉት፤ አጡት፤ እንደገና ፈለጉት። እኔም ሳልቸኩል ጠበቅሁ። «ለካ... ጋን... አድርገኸኝ... ኖሯል።»

ከዚያ ሳቁ፤ ሆዳቸውን ይዘው፣ እንባቸው እስኪወርድ፣ እንደ ድሮው። ሠራተኛዋ ማጠቡን አቁማ እጇን ከጋኑ አወጣች፤ አረፋው በክርኗ እየተንጠባጠበ ወደ በረንዳው ዞራ ቆመች። እሷ የተቀጠረችው በቅርብ ነው፤ ያን ሳቅ ሰምታው አታውቅም ነበር።